መከራ የኃጢአት ምልክት ነውን?

በዚህ ዓለም ላይ ሀብታምም ሆነ ድኻ፥ የተማረም ሆነ ያልተማረ፥ መከራ ሳይጎበኘው የሚኖር ሰው የለም። አንዱ በበሽታ፥ አንዱ በኀዘን፥ ሌላው በረኃብ ወይም በስደት ይፈተናል። ሰው መከራ በደረሰበት ጊዜ ግን እንደ እንስሳ ሕመሙን ብቻ ተሸክሞ ዝም አይልም፤ «ይህ ነገር ስለ ምን መጣብኝ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የክርስትና ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ እንደ ችሎታዬ መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ። አርእስቱን የመረጥሁት ከጓደኞቼ አብልጬ ስለማውቅ አይደለም፤ ጥያቄው በቤታችን ውስጥ ብዙ ዓመት አብሮን የኖረ ስለ ሆነ ነው።

ከእኔ በታች የተወለደች አንዲት እኅት አለችኝ። የ7 ዓመት ልጅ ሳለች የሚጥል በሽታ ያዛት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ማታ ማታ ለብቻዋ ተቀምጣ «ምን በድዬ ይሆን?» ስትል እሰማት ነበር። ጎረቤቶቻችንም ለቡና በተሰበሰቡ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የአያት የቅድመ አያት ዕዳ ነው» ይባባሉ ነበር። ይህን የተናገሩት ክፉዎች ሆነው አይደለም። በችግራችን ጊዜ እንጀራ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን የሰው ልብ ለመከራ ሁሉ ምክንያት ካላገኘ አያርፍም፤ ሌላ ምክንያት ያጣ እንደ ሆነ ደግሞ ኃጢአትን ይፈልጋል። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ይህ ነው፤ መከራ የደረሰበት ሰው ሁሉ በደለኛ ነውን?

የኢዮብ ወዳጆች

በብሉይ ኪዳን ስለ መከራ በሰፊው ከሚናገሩት መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ኢዮብ ነው፤ ምዕራፉም 42 ነው። ኢዮብ ጻድቅና ባለጸጋ ሰው ነበረ። 7,000 በጎች፥ 3,000 ግመሎች፥ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 እንስት አህዮች ነበሩት። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ሀብት፥ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቹንም አጣ። ከዚያም ከእግሩ ጫማ እስከ አናቱ በቍስል ተመቶ በዐመድ ላይ ተቀመጠ።

በአገራችን ኀዘንተኛን ስናጽናና «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» እንላለን። አነጋገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጽሐፉን መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ነው። መካከሉን ያነበበ ሰው ኢዮብ ዝም ብሎ የታገሠ ሰው እንዳልነበረ ይረዳል። የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ከፈጣሪው ጋር ፊት ለፊት ለመሟገት ፈልጓል። ከምዕራፍ 3 እስከ ምዕራፍ 31 ያለው የእርሱና የሦስት ወዳጆቹ ክርክር ነው።

ወዳጆቹ ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር ይባላሉ። በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር የሚያስመሰግናቸው ነበር። 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ኀዘኑን ተካፈሉ። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። የሦስቱም ንግግር ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ቅን ፈራጅ ነው፤ ቅን ፈራጅ ያለ በደል አይቀጣም፤ አንተ ተቀጥተሃል፤ ስለዚህ በድለሃል።

ይህ አስተሳሰብ ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክለኛ ይመስላል። ነገር ግን ዝናም በዘነበ ጊዜ ደጅ ይረጥባል፤ ደጅ ረጥቦ በተገኘ ጊዜ ሁሉ ግን ዝናም ዘንቧል አይባልም፤ ሰው ውሃ ደፍቶበት ይሆናልና። እንደዚሁም ኃጢአት መከራን ማምጣቱ እውነት ሲሆን፥ መከራ ባየን ቍጥር ኃጢአት አለ ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

በመጨረሻ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ለኢዮብ ተናገረው። ዳሩ ግን ስለ ምን መከራ እንደ ደረሰበት አልነገረውም። ስለ ምድር መሠረት፥ ስለ ባሕር፥ ስለ ከዋክብትና ስለ ዱር አራዊት እያነሣ እርሱው ጠየቀው። እኛ አንባቢዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች በሰማይ የተደረገውን ነገር እናውቃለን፤ ኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ፍርዱ ነው። ለእግዚአብሔር ጠበቃ የሆኑ መስሏቸው የተከራከሩት ሦስቱ ሰዎች ተወቀሱ፤ ከእግዚአብሔር ጋር የተሟገተው ኢዮብ ግን ቅን ነገር ተናገረ ተባለ። ወዳጆቹም 7 ወይፈኖችና 7 አውራ በጎች ለመሥዋዕት እንዲያቀርቡና ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። በደለኛ ያሉት ሰው አማላጃቸው ሆነ ማለት ነው።

የሰሊሆም ሰዎች

ይህ ጥያቄ በሐዲስ ኪዳንም ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ በሁለቱም ቦታ ሰሊሆም የሚባል የኢየሩሳሌም ሥፍራ ይነገራል። የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 እንደሚያስረዳን በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን ገደለ። ጌታችንም እነዚያ የሞቱት ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሏቸው እንደ ሆነ ሰሚዎቹን ጠየቃቸው፤ ራሱም አይደለም ብሎ መለሰና እነርሱ ስለ ገዛ ራሳቸው ንስሐ እንዲገቡ መከራቸው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው ባዩ ጊዜ፥ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ይህ እናቴ ስትጠይቀው የኖረችው ጥያቄ ነው። ጌታ ግን እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም፥ የእግዚአብሔር ሥራ ሊገለጥበት ነው አላቸው። ይህንንም ብሎ አላቆመም፤ በምራቁ ጭቃ አድርጎ የሰውየውን ዓይኖች ቀባና ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ላከው፤ ሰውየውም ታጥቦ እያየ ተመለሰ። የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ ወደ ኋላ፥ ወደ አለፈው በደል ይመለከታል። መልሱ ግን ወደ ፊት፥ ለዚህ ሰው ሊደረግ ወደሚገባው ነገር ይመለከታል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር መግለጥ ይገባኛል። ኃጢአት መከራ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ሰካራም አባት ቤተሰቡን ያስርባል፤ ጦርነት የሚያስነሣ ሰው አገር ያስለቅሳል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ምሳሌዎች እንደምናየው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንዱ ሲሆን ሥቃዩ የሌላው ነው። ስለዚህ ሰው ኃጢአትን መመርመር የሚገባው በራሱ ላይ ነው እንጂ በታመመው ባልንጀራው ላይ አይደለም።

ሕማምና ሕማማት

እስካሁን የተናገርነው «አትፍረድ» የሚለውን ነው። የክርስትና ትምህርት ግን በዚህ አይወሰንም፤ እግዚአብሔር ራሱ ሰው ሆኖ መከራ ተቀበለ ብሎ ያስተምራል። ይህን ለመረዳት የራሳችን ቋንቋ ይረዳናል። በግዕዝ ሕማም ማለት በሽታም ሥቃይም ነው፤ ሲበዛ ሕማማት ይባላል። አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ሕሙም የምንልበትና ከትንሣኤ በፊት ያለውን ሳምንት ሰሙነ ሕማማት የምንልበት ቃል ሥሩ አንድ ነው።

በዚያ ሳምንት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚደረገውን ሥርዐት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናያለን። ሰው ከሰው ጋር ተሳስሞ ሰላምታ አይለዋወጥም፤ ካህናትም እንደ ወትሮው በመስቀል አይባርኩም፤ ምእመናን ግብረ ሕማማት ሲነበብ እየሰሙ ይሰግዳሉ። በጸሎተ ሐሙስ የሕጽበተ እግር ሥርዐት ይፈጸማል፤ በየቤቱም ጉልባን ይበላል። ሕፃን ሳለሁ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚደረግ አይገባኝም ነበር። አሁን እንደሚመስለኝ ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንድ ሳምንት ከመከራው ፈቀቅ ሳትል፥ የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያው 7 ቀን እንዳደረጉት፥ ከታመመው አጠገብ ቍጭ ትላለች።

በወንጌሉ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይጠቅማል። አንደኛ፥ ጌታ በጌቴሴማኒ የመከራው ጽዋ እንዲያልፍ ለምኗል፤ በመስቀል ላይም ስለ ምን እንደ ተተወ ጮኾ ጠይቋል። እንግዲያው የሚያለቅስና «ስለ ምን?» የሚል ሕመምተኛ እምነት የጎደለው ነው ሊባል አይገባም። ሁለተኛ፥ ከመስቀሉ ሥር ቆመው የዘበቱበት ሰዎች እግዚአብሔር ቢወድደው ኖሮ ባዳነው ነበር ይሉ ነበር፤ ይህም የኢዮብ ወዳጆች ክርክር ነው። በደል የሌለበት ከተሰቀለ ዘንድ ግን ያ ክርክር ለዘላለም ፈርሷል። ሦስተኛ፥ ጌታ ራሱ መከራ ቢቀበልም መከራን አልወደደም። ድውያንን በየመንገዱ ፈወሰ እንጂ ለአንዱም ቢሆን በሽታህ ይስማማሃልና ተኝተህ ቅር አላለውም።

እርግጥ ነው፥ መዳን ሁልጊዜ እንደ ተመኘነው አይመጣም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 12 ሥጋውን ስለሚወጋ እሾኽ ይናገራል። እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደለትም፤ ነገር ግን የሚሸከምበት ጸጋ ተሰጠው። ከጳውሎስ የምንማረው መከራ ደግ ነገር መሆኑን ሳይሆን፥ መከራ የደረሰበት ሰው ከእግዚአብሔር የተለየ አለመሆኑን ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ የሠራው ቤት

ይህ ትምህርት በሥራ ሲተረጎም ምን እንደሚመስል ከጥንት አባቶች አንዱን እንመልከት። በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደስለት ቅዱስ ባስልዮስ፥ ዛሬ በቱርክ አገር ውስጥ ባለችው በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ጳጳስ ነበረ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ ተወልዶ በ379 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ። እግዚአብሔር የክፉ ነገር ምንጭ አለመሆኑን የሚያስረዳ ስብከት ጽፏል። በ369 ዓ.ም. ገደማ በአገሩ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ግን የረኃቡን ምክንያት በማስረዳት ብቻ አልተወሰነም፤ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች ገሠጸ፥ የተራቡትንም ሰብስቦ አበላ።

ከዚያም በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ለድኾች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠጊያ የሚሆን ትልቅ ቤት አሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር ይህን ሥፍራ እንደ አዲስ ከተማ ቈጥሮ አመስግኖታል። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች ከቤታቸውና ከከተማ ይባረሩ ነበር፤ ባስልዮስ ግን ተቀበላቸው፤ እንደ ወንድሞቹም ይስማቸው ነበር። መድኃኒትንም አልናቀም፤ የሕክምና ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስተምሯል። ይህም በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን ስለ ማክበር ከተጻፈው ጋር ይስማማል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አሁን ወደ ቤታችን ታሪክ እመለሳለሁ። የምጽፈው የሚያኮራኝ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ትቼ ስለ ኢዮብ ወዳጆች ብቻ ብጽፍ እውነተኛ አልሆንም።

ከሦስት ዓመት በፊት እኅቴ የ10 ዓመት ልጅ ሳለች፥ ከጓደኞቼ ጋር በገበያ መንገድ ስናልፍ ሰዎች ከብበው ቆመው አየን። ቀረብ ብል የወደቀችው እኅቴ ነበረች። አረፋ ደፍቃ ትንቀጠቀጣለች። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ሊያሸታት ይሞክራል፤ ሌላው «አረፋው እንዳይነካችሁ፥ ይጋባል» ይላል። ከጓደኞቼ አንዱ «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ዝም አልሁ። ከሰዎቹ መካከል እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆሜ አየኋት።

በመንገዱ ዳር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ንግዳቸውን ትተው መጡ። ክብሪቱን አስጣሉ፤ ነጠላቸውን አጥፈው ከራሷ ሥር አደረጉ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆምም በጎኗ አስተኟት። እስክትነቃ ድረስ ስሟን ሳያውቁ «አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሏት ነበር። ያን ጊዜ ነው ከሰው መካከል የወጣሁት። ወደ ቤት አብረውን መጡና እናቴን የእርሳቸውም ልጅ ይህ በሽታ እንደ ነበረበትና በሐኪም እጅ እንደ ተሻለው ነገሯት።

በማግሥቱ ሦስታችንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። እናቴ በደሏን የምትጠየቅ ይመስል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። ሐኪሙ የጠየቋት ግን «ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲጥላትስ ምን ያህል ይቆያል?» ብለው ነው። በኋላ የማርቆስ ወንጌልን ምዕራፍ 9 ሳነብ ይህን ጥያቄ አገኘሁት። አንድ አባት እሳትና ውሃ ውስጥ የሚጥለውን ልጁን ወደ ጌታ ባመጣ ጊዜ፥ ወንጌሉ ሕመሙ ከርኩስ መንፈስ መሆኑን ቢናገርም፥ ጌታ የማን ኃጢአት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ይህ ከያዘው ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው አባቱን ጠየቀ፤ በመጨረሻም የልጁን እጅ ይዞ አነሣው።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም መሆኑ ዛሬ በሚገባ ታውቋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ እንኳ፥ በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት አንዱ ይህ በሽታ ከሌሎች በሽታዎች የተለየ እርግማን አለመሆኑንና መነሻው አንጎል መሆኑን ገልጾ ነበር። ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ መድኃኒት ለዚህ በሽታ መጥቀሙ የታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ነው። ለእኅቴም የታዘዘላት ይህ ነው። የንስሐ አባታችን ጠበሉንም እንድትቀጥል፥ ክኒኑንም አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ መከሯት። ዛሬ 13 ዓመቷ ነው፤ ፈጽሞ ባይተዋትም የሚጥላት ከስንት ጊዜ አንድ ጊዜ ነው፤ ትምህርቷንም ትከታተላለች።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የክርስትና ትምህርት መከራ ለምን እንደ ደረሰብን ሁሉን አይነግረንም። ለኢዮብም አልነገረውም። የሚነግረን ሁለት ነገር ነው። ለታመመው፥ መከራህ የመጣልህ ምልክት አይደለም፤ እግዚአብሔርም ሕማምን ያውቃል ይለዋል። ለቆመው ደግሞ፥ «ማን በደለ?» ማለትን ትተህ «ምን ላድርግ?» በል ይለዋል።

ስለዚህ ወላጆቻችን በታመመ ልጅ ቤት ስለ ዕዳና ስለ እርግማን እንዳይናገሩ፥ መምህራኖቻችንም በዚህ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የሚቀር ልጅ እንዳይኖር እንዲረዱን በትሕትና እለምናለሁ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በመንገድ የወደቀ ሰው ያየን እንደ ሆነ አንሽሽ። ክብሪት አንጫር፤ በአፉ ምንም ነገር አንክተት፤ ይዘን አንታገለው። ስለት ያለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር እናድርግ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ እናስተኛው፤ እስኪነቃም አብረነው እንቆይ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፥ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፥ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሰው። አረፋው አይጋባም።

«የማን ልጅ ናት?» ብሎ ለጠየቀኝ ጓደኛዬ ሦስት ዓመት ሙሉ መልስ አልሰጠሁትም። አሁንም በዚህ ትምህርት ቤት አብረን እንማራለንና ይህን ጽሑፍ ያነበዋል ብዬ አምናለሁ። እኅቴ ናት።